አያ ጅቦና ዳርማ ሼኽ፤ በሐረር ስለ ጅብ የሚነገሩ እምነቶች እንደ ሥነ ቃል ሲነበቡ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥነ ቃል ኮርስ ካስተማርኋቸው ተማሪዎች አንዱ፣ ተወልዶ ያደገው ሐረር ነው፣ «በሐረር ከተማ የሚገኙ አጉል እምነቶች» በሚል ርእስ የመስክ ሥራውን አቀረበልኝ። አርባ ያህል እምነቶች በተራ ቁጥር ተደርድረዋል። ማታ ቤት አይጠረግም፤ በጨለማ ውሃ አይደፋም፤ ጅብ ሲጮህ ስሙ አይጠራም፤ እያለ ይቀጥላል። ማን እንደ ነገረው፣ በምን ቋንቋ፣ በምን ሰዓት፣ ማን ፊት እንደ ተነገረ አንድም ቃል የለም። ከኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተራኪው የታል?» ብዬ ጻፍሁና መለስሁለት። ተማሪው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «መምህር፣ አጉል እምነት ደግሞ ተራኪ አለው እንዴ? ሁሉም የሚያውቀው ነገር አይደል?» አለኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ራሴንም አላረካኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያ ጥያቄ የተሻለ መልስ መፈለግ ነው። ለዚህም ከአርባዎቹ እምነቶች ውስጥ ጅብን የሚመለከቱትን ብቻ ነጥዬ እመለከታለሁ። ሌሎቹን የተውኋቸው ስለማይረቡ ሳይሆን፣ ሐረርን ያለ ጅብ ማሰብ ስለማይቻለኝ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «አጉል እምነት» የሚለው ሐረግ ነገሩ ሳይሰማ ፍርዱን ያስቀድማል። «አጉል» ያልነውን ነገር ከማጥናት ይልቅ ማረም ይቀናናል። ፈቃደ አዘዘ በ1991 ዓ.ም ባሳተሙት «የሥነ ቃል መምሪያ» ውስጥ ሥነ ቃል ከክዋኔው፣ ከተራኪውና ከአድማጩ ተለይቶ መታየት እንደሌለበት ካስተማሩን ብዙ ዘመን ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት በተረትና በቃል ግጥም ላይ ስናውለው እምነትን ግን እንደ ዕቃ ዝርዝር እየቆጠርን ማስቀመጡን አልተውንም። እምነት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ችሎ አይኖርም፤ አንድ ታሪክ አቅፎት ይኖራል። «ጅብ ሲጮህ ስሙ አይጠራም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ነው ትረካው የሚወጣው።

እኔ ያደግሁት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አባቴ በሥራ ምክንያት ተዛውሮ የመጣ ሰው ሲሆን እናቴ ተወልዳ ያደገችው ሰሜን፣ ጎንደር አካባቢ ነው። ማታ ማታ ጅብ ይጮሃል። በጩኸቱ እናቴ በሩን መቀርቀሯን ደግማ ታረጋግጥና በስመ አብ ብላ ታማትባለች። ትንሿ እኅቴ ካለቀሰች «ዝም በይ፤ አያ ጅቦ መጣ» ትላታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለአንዲት የሐረሪ አሮጊት ዕቃ ለማድረስ ወደ ጀጎል ውስጥ እላክ ነበር። አንድ ቀን መሽቶብኝ እዚያው ሳለሁ ጅቡ ጮኸ፤ የጮኸው ከቤታችን እንደሚሰማው ከሩቅ አይደለም፤ በመንገዱ ማዶ ነው። እኔ ከበሩ ስሸሽ አሮጊቷ እየሳቁ «አይዞህ ልጄ፣ አንተን አይፈልግም፤ ጅኒውን እየበላው ነው» አሉኝ። ከዚያም ጅብ ወደ ከተማ የሚገባው በየጠባቡ መንገድ የሚዞሩትን ክፉ ጅኒዎች ሊበላ እንደ ሆነ፣ ጅኒ ሰውን አይፈራም ጅብን ግን እንደሚፈራ፣ ስለዚህ ጅብ የማይገባበት ሰፈር በሽታ እንደሚበዛበት አስረዱኝ። ያን ማታ ቤት ደርሼ ለእናቴ ብነግራት «ዝም በል፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አለችኝ። አንዱ እንስሳ፣ አንዱ ጩኸት፣ በመካከላቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ብቻ ባለ ሁለት ቤት፣ ሁለት ታሪክ ነበረው።

አንባቢ እንደሚያውቀው የጀጎል ግንብ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ጥንታዊ በሮቹ 5 ናቸው። ከበሮቹ ሌላ በግንቡ ግርጌ ዝቅ ብለው የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጠላትን ለመከላከል የቆመ ግንብ ለጅብ መግቢያ ትቶ መሠራቱ ወይም በኋላ መከፈቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። «ወራባ» በሐረሪ ቋንቋ ጅብ ነው። ኦሮሞው «ወራቤሳ»፣ ሶማሌው «ወራቤ» ይላል። ሦስቱ ጎረቤታሞች በቃል ሲገናኙ የኛ «ጅብ» ከግእዙ «ዝእብ» የመጣ ስለሆነ ለብቻው ይቆማል። የሚገርመው ይኸው ሥር በዐረብኛም በዕብራይስጥም ተኩላ ማለት መሆኑ ነው። ይህን ያነሣሁት ቋንቋን ለማጥናት ብዬ ሳይሆን በሐረር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ስለ ጅብ ሲያወራ ከጎረቤቶቹ በተለየ ቃል፣ በተለየ የትረካ ውርስ እንደሚያወራ ለማሳየት ነው።

ሐረሪዎች ለጅብ ሌላም ስም አላቸው፤ «ዳርማ ሼኽ» ይሉታል። ወጣት ሼኽ፣ የተማረ ጎረምሳ እንደ ማለት ነው። ለአውሬ የሃይማኖት ሊቅ ማዕረግ የተሰጠው በቀልድ አይደለም። ሐረር የቅዱሳን ከተማ፣ «መዲነት አል አውሊያ» ትባላለች። በግንቡ ውስጥም ሆነ በዙሪያው «አዋች» የሚባሉ የቅዱሳን መቃብሮችና መዘከሪያዎች በብዛት ይገኛሉ፤ «አው» አባት ማለት ሲሆን «አዋች» ብዙ ቁጥሩ ነው። ከሁሉም በላይ የሚከበሩት አው አባድር ናቸው። ሐረሪዎች ጅብን የሚያዩት በዚህ የቅዱሳን ዓለም ውስጥ ነው። በትረካው ጅብ ከአዋቾቹ ጋር ውል ያለው፣ ትእዛዛቸውን የሚሰማ ፍጡር ነው።

የውሉ ታሪክ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ጽኑ ረሀብ ሆነ። ሰው የሚበላው ሲያጣ ጅቦችም አጡ፤ ስለዚህ ሰው መብላት ጀመሩ። አዋቾቹ ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው በሐኪም ተራራ ተሰብስበው መከሩና ለጅቦች ገንፎ እንዲቀርብላቸው፣ ጅቦችም በምላሹ ሰው እንዳይነኩ ተስማሙ። በሌላ አተራረክ ደግሞ ምክሩ ለአንድ ቅዱስ በሕልም የተገለጠ ነው። በሁለቱም አተራረክ ግን ችግሩ የሚፈታው በግዳይ አይደለም። ጀግና ተነሥቶ ጅቡን በጦር አልወጋውም፤ ተራበ ተብሎ ምግብ ተሰጠው። ብዙ የአውሬ አፈ ታሪክ የሚያልቀው በገዳይ ፉከራ ስለሆነ ይህን ፍጻሜ ልብ ማለት ይገባል።

ውሉ በየዓመቱ በዓሹራ ይታደሳል። ዓሹራ በእስልምና የዘመን አቆጣጠር የሙሐረም ወር ዐሥረኛው ቀን ነው። በዚያ ምሽት በከተማዋ ዙሪያ ባሉ አንዳንድ አዋቾች ዘንድ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅቤ ፈስሶበት ለጅቦች ይቀርባል። አሕመድ ዘካርያ ይህን የጅብ ገንፎ በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1991 ጥናት አሳትመዋል፤ ከዚያ በኋላም አውስትራሊያዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ ሮክ በሐረር ጅቦች መካከል ብዙ ጊዜ አሳልፎ እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አውጥቷል። ስለዚህ ሥርዓቱን ከመግለጽ ይልቅ እኔ ከተማሪዎቼ ጋር በሄድሁበት ምሽት ያስተዋልሁትን አንድ ነገር ላቅርብ።

እምነቱ እንደሚለው ጅቦቹ ገንፎውን ደኅና አድርገው፣ ይልቁንም ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ የጥጋብ ነው። ጨርሶ ካልቀመሱት ወይም ደግሞ አንዳች ሳያስቀሩ ከጨረሱት ረሀብ ወይም ወረርሽኝ ይመጣል ተብሎ ይፈራል። በዚያ ምሽት ካራቡው እየተመታ ዚክሪ ይባል ነበር፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ገንፎው ተቀምጦ ሰው ፈቀቅ ሲል ዝምታ ሆነ። ጅቦቹ ለረጅም ጊዜ ከጨለማው ዳር ሆነው ይመላለሱ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ጅብ ቀረበች፤ አሸተተች፤ በላች። ሌሎቹም ተከተሉ። በኋላ ቅሪቱ ሲታይ ግን ክርክር ተነሣ። አንድ ሽማግሌ «ከግማሽ በላይ ነው» አሉ። ሌላው «ይህ መብላት ነው? መቅመስ እንጂ!» አሉ። ሦስተኛው ቅቤው የተበላው ሁሉ ገንፎው እንደ ተበላ ይቆጠራል፣ አባቶች ሲቆጥሩ የኖሩት እንዲህ ነው አሉ። ክርክሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። የተስማሙበትም ቃል በማግሥቱ ከተማ ውስጥ ስሰማው የበለጠ ጥርት ብሎ፣ ጥርጣሬው ሁሉ ተራግፎለት ነበር።

እንግዲህ በሥነ ጽሑፍ ክፍል የምንሠራውን ሥራ እነዚያ ሽማግሌዎች በገንፎ ሳሕን ላይ ሲሠሩት አየሁ። ጽሑፉን ያቀረበችው ጅቧ ናት፤ ፍቺውን የሰጡት ግን እነርሱ ናቸው። በክርክራቸውም ውስጥ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ወጣቶች መሰደድ ተነሣ። በሌላ ጊዜ በግልጽ ለመናገር የሚከብድ ሥጋት ሁሉ በጅቧ አፍ ተነገረ። የተማሪዬ ዝርዝር ይህን ምሽት «ጅብ ገንፎ ከበላ ዘመኑ ጥጋብ ይሆናል» ወደሚል አንድ መስመር ነበር የሰበሰበው።

በእነዚህ እምነቶች ላይ በተደጋጋሚ የሚሰጥ ማብራሪያ አለ። ጅብ የከተማውን ጥራጊና አጥንት ስለሚበላ ንጽሕና ይጠብቃል፤ ሰዎችም ይህን ጥቅሙን አይተው ቅዱስ አደረጉት ይባላል። ማብራሪያው ሐሰት አይደለም፤ ግን አይበቃም። ጅብ በጎንደርም፣ በመቀሌም፣ በአዲስ አበባም ጥራጊ ይበላል። እንዲያውም ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በዐቢይ ጾም ወቅት የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅቦች አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል፤ ምእመናኑ ሲጾሙ ጅቡ ምግቡን ይለውጣል ማለት ነው። ቢሆንም በነዚህ ከተሞች ጅብን ሼኽ ወይም መምህር ብሎ የጠራው የለም። ጥቅሙ አንድ ዐይነት ሆኖ ታሪኩ ከተለያየ፣ ታሪኩን ጥቅሙ ብቻውን አልፈጠረውም።

ወደ ስሙ ልመለስ። ማዕረግ መስጠት የሐረሪዎች ብቻ አይደለም። «አያ ጅቦ» ስንል እኛም ታላቅ ወንድምን በምናከብርበት ቃል ነው የምንጠራው። በተረታችን አያ ጅቦ ሞኝና ሆዳም ሆኖ ይቀርባል፤ ምሳሌያዊ አነጋገራችንም በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ኩራተኛ ያደርገዋል። ቀን በተረት የምንሥቅበትን ማታ በማዕረግ ስም እንጠራዋለን። ይህ ዐይነቱ የፍርሃት አክብሮት በሩቅ አገሮችም አለ። የአየርላንድ ገበሬዎች በየኮረብታው ሥር ይኖራሉ የሚሏቸውን፣ ልጅ የሚሰርቁና ከብት የሚያሳምሙ መናፍስት በስማቸው አይጠሩም ነበር፤ «ደጋጎቹ ሰዎች» ይሏቸዋል። መናፍስቱ ይኖሩባቸዋል የሚባሉትን ጥንታዊ ክብ የአፈር ቅጥሮችም ገበሬው በማሳው መካከል እያሉ ሳያርሳቸው ያልፍ ነበር፤ ያረሰ ሰው መዓት ይደርስበታል ይባላል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ቅጥሮች እስከ ዛሬ ሳይፈርሱ ቆይተዋል። አጉል የተባለው እምነት ቅርስ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ።

ከአየርላንድ የምቀናበት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1935 የፎክሎር ኮሚሽን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በ5,000 ያህል ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ከ50,000 በላይ ልጆች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ ተደረገ። የተከማቸው 740,000 ገጽ ያህል ነው። ብዙው የተነገረበት ሰው ስምና መንደር ተጽፎበታል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ተራኪው የታል?» የሚለውን ጥያቄ መልሶ ነበር። እኛ የጀጎልን ግንብ በ1998 ዓ.ም፣ የሹዋሊድን በዓል በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ መዝገብ አስፍረናል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን በግንቡ ውስጥ በየቤቱ የሚነገረውን የሚመዘግብ የትምህርት ቤት ደብተር የለንም። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በሐረር የአዋቾችን መዘከሪያ መጎብኘት ከሃይማኖት አንጻር ትክክል አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ የዚያን ክርክር ፍርድ ለባለቤቶቹ ልተው። እኔን የሚመለከተኝ የሚያውቁት ሰዎች እንግዳ ሲጠይቃቸው ዝም ማለት መጀመራቸው ነው። ለጎብኚ የሚታየው ገጽታ ግን እየደመቀ ነው። ዩሱፍ ሙሜ ሳላሕ ለዘመናት ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲያበሉ ኖረው ሥራው ወደ ልጃቸው ወደ አባስ ተላልፏል። ሥጋ በአጭር እንጨት ሰክቶ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ጅብ ሲያጎርስ ያየው እንግዳ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ይህም የራሱ ክዋኔ ነው፤ ነገር ግን ከዓሹራው ገንፎ ጋር አንድ አድርጎ መጻፍ፣ አንዳንድ ተማሪዎች እንደሚያደርጉት፣ ስሕተት ነው። በአንዱ ጅቡ ዘመን ይናገራል፤ በሌላው ትርኢት ያሳያል።

እስካሁን የጻፍሁት ለሐረሪው ትረካ ያለኝን አድናቆት ሊያስመስል ይችላል፤ ነውም። አሁን ወደ እናቴ ታሪክ፣ ማለትም ወደ ራሴ ሰዎች ታሪክ ልምጣ። ይህ ለመጻፍ ይከብደኛል።

በሰሜኑ አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ማታ የሚጮኸው ጅብ ሁልጊዜ ጅብ አይደለም፤ ቡዳ ሊሆን ይችላል። ቡዳ ቀን ሰው ነው፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል ወይም ቆዳ ይፍቃል። ማታ በአመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ይወስዳል። የትረካው ቅርጽ በየቦታው ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰው ማታ ጅብ በጦር ይወጋል፤ ጅቡ ያመልጣል፤ ጠዋት የመንደሩ ቀጥቃጭ ሲያነክስ ይገኛል። ወይም የተገደለው ጅብ ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ ይገኛል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንኳ ጉትቻ ያላቸው ጅቦች ማየቱን ጽፏል። አየርላንዶችም ሌሊት ላሞቿን የምታልብ ጥንቸል ተመትታ ስታመልጥ፣ ሲከተሏት በጎጆዋ ውስጥ እግሯ የሚደማ አሮጊት አገኙ የሚል ታሪክ አላቸው።

ይህን ከሐረሪው ትረካ ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ከይዘቱ ይልቅ በአተራረኩ ይጎላል። የዓሹራው ታሪክ «አባቶቻችን ተስማሙ» በሚል ይነገራል፤ ተራኪው ራሱ የውሉ ወገን ነው። የቡዳው ታሪክ ግን ሁልጊዜ የሦስተኛ ሰው ነው፤ «የአጎቴ ጎረቤት ያየው» ነው። ታሪኩ የሚያበቃውም በማስረጃ፣ ያውም በአንድ ሰው ገላ ላይ በተገኘ ማስረጃ ነው። አንደኛው ትረካ አውሬውን ወደ ሰው ማኅበር ያስገባል፤ ሁለተኛው ሰውን ከማኅበሩ አውጥቶ ወደ አውሬ ይወስዳል። በዚህ ትረካ ውስጥ ቡዳው ራሱ ተራኪ ሆኖ አያውቅም።

ከሐረር በሮች አንዱን ሐረሪዎች በድሪ በሪ ሲሉት አማርኛ ተናጋሪው «ቡዳ በር» ይለዋል። ለስያሜው ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ በዚያ አካባቢ ብረት ሠራተኞች ይኖሩ ነበር የሚል ነው። በካርታ ላይ፣ በጎብኚ መምሪያ ላይ ስሙ ያለ ሐፍረት ተጽፎ ይታያል። ልጅ ሆነን በዚያ በር ስናልፍ እንሮጥ ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው መምጣቱን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ጠቢብ ተብሎ ተጀምሮ በመጨረሻ ስድብ ሆኗል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ብለው ከልክለዋል። ዐዋጁ ታሪኩን ማስቆም አልቻለም፤ ታሪክ በዐዋጅ አይቆምምና።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ትኩሳት ያዘኝ። ቀናት አለፉ፤ አልተሻለኝም። በሰፈራችን አንድ ብረት ሠራተኛ ነበሩ፤ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ የበር ማጠፊያ ይሠራሉ። ልጃቸው የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ አንድ ወንበር እንካፈል ነበር። የጎረቤት ሴቶች ከእናቴ ጋር ተነጋግረው ሰውየውን አስጠሩ። ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሮ ካንገቴ ታስሮ ነበር። ሰውየው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከአልጋዬ ዘንድ ቆሙ። ማንም «ቡዳ» አላላቸውም። «እንትፍ ይበሉበት» ብቻ አሏቸው። ምን ማለት እንደ ሆነ እርሳቸውም፣ እናቴም፣ እኔም እናውቅ ነበር። እንትፍ አሉ። ከበሩ ላይ ልጃቸው ቆሞ ያይ ነበር። በማግሥቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ለሴቶቹ ይህ በቂ ማረጋገጫ ሆነ። ትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኛዬ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ አብረን አልተጫወትንም።

ስለዚህ አንድ ባልደረባዬ «እምነት ሁሉ የሕዝብ ጥበብ ነው፤ በአክብሮት እንመዝግበው» ሲለኝ ሙሉ በሙሉ መስማማት ያቅተኛል። አየርላንድም የደጋጎቹ ሰዎች ታሪክ ብቻ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1895 በቲፐሬሪ አውራጃ ማይክል ክሊሪ የተባለ ሰው የታመመች ሚስቱን ብሪጂትን «ይህቺ ሚስቴ አይደለችም፤ መናፍስቱ ወስደው በምትኳ የተዉአት ናት» ብሎ በእሳት አቃጥሎ ገደላት። ዘመዶቿ በቤቱ ነበሩ። ሃያ ዓመት ተፈረደበት። ልጅ ከሚያስተኛው ተረትና ከዚያች ምሽት ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው። እኛም አገር በቡዳነት ተጠርጥረው የተገለሉ ቤተ ሰቦች፣ ጋብቻ የተከለከሉ ልጆች መኖራቸውን ለማወቅ መዝገብ ቤት መሄድ አያስፈልግም። አጥኚ ይህን ትረካ ሲመዘግብ ስለ ማን እንደሚነገርም መመዝገብ አለበት እላለሁ፤ የተከሳሹ ወገን በዚያ ቤት ውስጥ ምን ታሪክ እንደሚነገርም እንዲሁ። ይህን የሚያደርግ የመስክ ሥራ እስካሁን ከተማሪዎቼ አላገኘሁም ነበር።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ብረት ራሱ በብዙ አገር መድኃኒት ነው። የአየርላንድ መናፍስት ብረት ይፈራሉ ይባላል፤ ቀጥቃጩም ፈዋሽ ሆኖ ይከበር ነበር። ጅኒ ብረት ይፈራል ሲባል በሐረርም ሰምቻለሁ። በእናቴ አገር ከአራስ ትራስጌ ቢላዋ ይቀመጣል። ቢላዋውን ግን የሠራው ያ ማታ ጅብ ይሆናል የሚባለው ሰው ነው። አራሷን የሚጠብቃት የእጁ ሥራ ሆኖ እርሱ ከደጃፉ እንዳይደርስ ይደረጋል።

ያ ተማሪ ሥራውን እንዲያሻሽል ዕድል ሰጠሁት። ሲመለስ ዝርዝሩን ወደ ዘጠኝ ትረካዎች ዝቅ አድርጎት ነበር፤ ለእያንዳንዱም ተራኪ፣ ዕድሜ፣ ቋንቋ፣ ሰዓትና አድማጭ ተጽፎበታል። አምስቱ ከጀጎል ውስጥ፣ ሦስቱ ከሸዋ በር ውጭ የተሰበሰቡ ናቸው። ዘጠነኛው የመጣው ከአንድ የብረት በር መሥሪያ ቤት ነው። የቤቱን አድራሻ ሳይ የማን እንደ ሆነ ዐወቅሁ፤ ለተማሪው አልነገርሁትም። ሰውየው የነገሩት ማታ ማታ አባታቸው ያጫውቷቸው የነበረውን ተረት ነው። አያ ጅቦ ወደ ቀጥቃጭ ቤት መጥቶ «ጥርሴ ዶልዱሟልና ሳልልኝ» ይላል። ቀጥቃጩም «እሺ፤ ግን በስሜ እንዳትምል» ይለዋል። አያ ጅቦ ጥርሱ ከተሳለለት በኋላ መንደር ገብቶ ፍየል ሲበላ ይያዛል፤ ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁትም የቀጥቃጩን ስም ይጠራል። ተረቱ ከዚህ ላይ ይቆማል። ተማሪው «መጨረሻው አልተነገረኝም፤ ጠይቄአቸው ዝም አሉ» ብሎ ከታች ጽፏል። ተራኪ በሚለው ዓምድ ላይ በሰውየው ጥያቄ ስም አልሰፈረም፤ እኔም በዚህኛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣሁም።